የቀልብ ሐኪም

ሲኞር ኦታቪዮ ቻይንኛ አይችልም ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ሮም በነበርነው ሐበሾች ዘንድ ሰውየው «የቻይናው ሐኪም» ነበር የሚባለው። ቻይናን ያያት በሃያ ዓመቱ፣ ጣሊያኖች ቲየንሲን በምትባል ከተማ የራሳቸው ሰፈር በነበራቸው ጊዜ፣ መርከበኛ ሆኖ ነው። ሦስት ዓመት ድንች ሲልጥና የበሽተኛ አልጋ ሲያነጥፍ ከርሞ ሲመለስ፣ ከአንድ ሽማግሌ መድኃኒተኛ ያገኛቸውን ጥቂት መርፌዎችና አንድ ሥዕል ይዞ መጣ። ሥዕሉ ላይ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ራቁቱን ቆሟል፤ ከግንባሩ እስከ እግር ጣቱ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። እንግዲህ በዚህች ዕውቀት ነው ኤስኲሊኖ በሚባል የሮም ሰፈር፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የሰው መንፈስ አክማለሁ ሲል የኖረው። እናቴ እስከ ዛሬ «እሳቸው» ትለዋለች። እኔ አንቱታውን ከልክዬዋለሁ።

አሁን ነርስ ነኝ። የምሠራው ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ሰው ከሚያደነዝዙት ጋር ነው። በዚህ ዘመን ሮም ውስጥ ደጃፋቸው ላይ ቀርከሃ የተከሉ፣ መስኮታቸው ላይ የቻይና ፊደል የለጠፉ ቤቶች በዝተዋል፤ ጊዜ የተረፋቸው ሴቶች ይገቡና መንፈሳቸውን አስተካክለው ይወጣሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ይህንኑ ሲያወሩልኝ እስቃለሁ። ደግ ሳቅ አይደለም። መናቅ የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያኔ ግን ማንን መናቅ እንደነበረብኝ አላውቅም ነበር።

1970 ዓ.ም. ነው። የምንኖረው ጋርባቴላ የሚባል የሮም ሰፈር ነበር። አባቴ አሰግድ በዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅት ውስጥ የዘር ባለሙያ ነው። ስለ ስንዴ ሲናገር ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማዋል፤ ስለ ሌላ ነገር መናገር ግን ከተወ ቆይቷል። እናቴ ዙፋን ቤት ትውላለች። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ እንቅልፍ እንቢ አላት። ጠዋት ለትምህርት ቤት ስነሣ፣ የትናንቱን ልብስ እንደለበሰች ወጥ ቤት ቆማ የታጠበ ሳህን እንደገና ስታጥብ አገኛታለሁ። ሽንኩርት ትከትፍና ትረሳዋለች። «እማዬ» ስላት ፊቷ ወደኔ ይዞራል፤ ዓይኗ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ይህ ሁሉ የመጣው አጎቴ ሙሉአለም ለትምህርት ሞስኮ ሄደ ከተባለ በኋላ ነው። ሙሌ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያሳደገችውም እሷ ናት። ከአዲስ አበባ በየወሩ ይጽፍልን ነበር፣ ከደብዳቤው ግርጌ ለእኔ ዝንጀሮ ይሥልልኛል። አንድ ቀን አባቴ ከሥራ መጥቶ ከእናቴ ጋር መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። ሲወጡ አባቴ ሙሌ ትልቅ ዕድል እንደገጠመው፣ ሞስኮ ሆኖ ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ እንደማይመች ነገረኝ። እኔም ሞስኮ ስለገባ ብቻ አንዲት ዝንጀሮ መሣል የከበደውን አጎቴን ተቀየምኩት።

አንድ ጣሊያናዊ ዶክተር ኪኒን አዘዘላት። ኪኒኑ አፍዝዞ አስቀመጣት እንጂ አላስተኛትም። ያኔ ነው እትዬ የሻረግ የቻይናውን ሐኪም ያነሣችው። እትዬ የሻረግ ፓሪዮሊ ውስጥ ሀብታም ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ እሑድ ዕረፍቷን እኛ ዘንድ የምታሳልፍ ሴት ናት። ወለል ስትወለውል የተያዘ ወገቧን ሲኞር ኦታቪዮ በሦስት መርፌ እንደፈታላት ትምላለች።

ጸበል እንውሰዳት በተባለ ጊዜ የሳቀው አባቴ፣ በመርፌው ሳያንገራግር ተስማማ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ባዕድ አምልኮ ከሩቅ አገር ከመጣ ሳይንስ ይሆንለታል ብዬ ብዙ ዓመት ስቄበታለሁ። በኋላ ሲገባኝ ነገሩ ከዚያም የባሰ ነበር። ጸበል ዘንድ ቄስ አለ፣ ቄስ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ልጄ ብሎ ይጠይቃል። ሲኞር ኦታቪዮ አማርኛ አይሰማም።

ችግሩ ጋሼ ማንደፍሮ ነበር። ጋሼ ማንደፍሮ ሮም ለነበርነው ኢትዮጵያውያን ደርግ ያቋቋመልን የውይይት ክበብ ጸሐፊ ነው። በየእሑዱ ምሳ ሳይጠራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠይቃል። ፓስፖርት የሚታደሰው እሱ ደህና ሰው ነው ላለው ብቻ ነው ይባል ነበር። በእሱ አፍ «ማኦኢስት» የሚባለው ስድብ ሰው የሚያስበላ ስድብ ነው፤ ስለዚህ ቻይና የሚባል ነገር ቤታችን ሊጠራ አይገባም። አባቴ «ነይ፣ እታገኘሁ» ብሎ አስቀምጦ ነገረኝ። ማንም ሰው ቢጠይቀኝ፣ እናቴ የምትሄደው ጥርሷን ልትታከም ነው።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ የሻረግን ጨምሮ አራታችንም ሄድን። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግራችን ገበያውን አቋርጠን፣ ዓሣ በታጠበበት ውኃ ላይ እየዘለልን፣ ከነነፍሳቸው የታሰሩትን ዶሮዎች አልፈን ደረጃውን ወጣን። ባቡር ባለፈ ቁጥር የሲኞር ኦታቪዮ ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ ይንጫጫሉ። ነጭ ካፖርት ለብሷል፤ ካፖርቱ የፀጉር አስተካካይ ካፖርት ነው የሚመስለው። እናቴን ምላስሽን አውጪ አላት። የእጇን የደም ሥር በሦስት ጣት ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ ዓይኗን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ፤ አባቴ ጉሮሮውን እስኪጠራርግ ድረስ።

በመጨረሻ መናገር ጀመረ፤ አባቴ ያስተረጉማል። ልብ ንጉሥ ነው አለ። መንፈስ የሚያድረው ልብ ውስጥ ነው። ቀን በዓይን በኩል ወደ ውጭ ያያል፣ ሲመሽ ተመልሶ ቤቱ ይገባል፤ ሰውየውም ያን ጊዜ ይተኛል። ሐዘን ወይም ድንጋጤ ቤቱን ካናወጠው መንፈሱ መግቢያ ያጣል፣ ባለቤቱም ዓይኑ እንደፈጠጠ ያድራል። አካል ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ መንፈስ ከሌለበት ጤና የሚባል ነገር የለም።

እናቴ «መንፈስ» የሚለውን ቃል ስትሰማ አማተበች። አባቴ አላበው። «መንፈስ ሲል… ያ መንፈስ አይደለም። ማለቱ ሞራል ነው። የሞራል ጉዳይ ነው» አለ።

«ቀልብ ነው የሚለው» አለች እትዬ የሻረግ ከበሩ አጠገብ። «ቀልቧ ተገፏል ነው የሚለው።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። ሦስት ቋንቋ የተማረው ሰውዬ ያጣውን ቃል፣ አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት ከኪሷ እንደሚወጣ መሐረብ አውጥታ ሰጠችው።

ሲኞር ኦታቪዮ ግን ገና አልጨረሰም። መንፈሱ አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ አለ፤ አምስት ናቸው። አንዱ ጉበት ውስጥ ሆኖ ሕልም ያሳያል፣ አንዱ ሳንባ ውስጥ ሆኖ ሐዘን ይቀበላል፣ ሌላው ጣፊያ ውስጥ ያስባል፣ ኩላሊት ውስጥ ያለው ደግሞ ቁርጥ ፈቃድ ነው። ሁሉም የሚታዘዙት ለልቡ መንፈስ ነው። እኔ የመጣልኝ የኛ ፎቅ ነበር። አራት ተከራይ፣ በደረጃው ሁሌ የሚጣሉ፣ ከላይ አንድ የማይገኝ ባለቤት። ከዚያ ከሣጥኑ መርፌ አወጣና ከትንሽ ጣቷ በታች፣ አንጓዋ እጥፋት ላይ፣ በቀስታ ሰካው። የቦታው ስም የመንፈስ በር ነው አለን። እናቴ ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቀችም። እኔ ግን የተከፈተ በር የሚያስገባውን ስለማይመርጥ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እኔና እናቴ ብቻ ሆንን። ጣሊያንኛዬ ከእሷ ስለሚሻል አስተርጓሚ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ትጠብቀኝና አብረን እንሄዳለን። ያ ጸደይ ከተማው በፖሊስ የተሞላበት ጊዜ ነበር፣ አንድ የተጠለፈ ፖለቲከኛ ፍለጋ በየመንገዱ መኪና እያስቆሙ ይፈትሻሉ። እናቴ መለዮ የለበሰ ባየች ቁጥር እጄን ታጠብቀዋለች። እዚያ ስንደርስ ግን ማስተርጎም የሚባል ነገር አልነበረም። ሲኞር ኦታቪዮ የዝንጅብል ከረሜላ ሰጥቶ ኮሪደር ያስቀምጠኝና በሩን ይዘጋል። ወዲያው ራዲዮ ይከፈታል፣ ያውም በጣም ጮክ ተደርጎ። ዘፋኙ ስለ ባሕርና ስለ ፍቅር ይዘፍናል፤ ከዘፈኑ ሥር እናቴ ታለቅሳለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኗ አብጦ ትወጣለች። ሜትሮ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ትተኛለች፤ ጋርባቴላ ስንደርስ የምቀሰቅሳት እኔ ነኝ። አባቴ ደስ አለው። መርፌው ሠራ አለ። እራት ላይ ስለ ነርቭና ስለ ደም ዝውውር ማብራሪያ ሰጠን። እኔ ግን ሲኞር ኦታቪዮን ጠላሁት። መርፌ እንደሚያሳምማትና እሷም ለአባቴ ብላ እንደምትችለው ነበር የሚገባኝ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ ከረሜላዬን ጨርሼ ተነሣሁና በቁልፉ ቀዳዳ አየሁ።

የመርፌው ሣጥን መደርደሪያው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። አንድም መርፌ የለም። እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ሹሩባዋ ተፈቷል፣ ደረቷን በመዳፏ እየመታች «ሙሌ፣ ሙሌዬ» ትላለች። ሲኞር ኦታቪዮ ጀርባውን ሰጥቷት በመስኮት ወደ ባቡር ሐዲዱ ያያል። አንድ እጁ ራዲዮው ላይ ነው። የእናቴ ድምፅ ከፍ ሲል ራዲዮውን ከፍ ያደርጋል፣ ሲወርድ ያወርደዋል።

ልቅሶ አይቼ አላውቅም ነበር። ሮም የገባሁት በአራት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ያየሁት ነገር ምን እንደሆነ በሚገባኝ መንገድ ተረጎምኩት። መርፌ የሌለው የመርፌ ሐኪም አታላይ ነው። ትምህርት ቤት የሄደ ወንድሟ ናፈቀኝ ብላ ወለል ላይ የምትንከባለል ትልቅ ሴት ደግሞ ታሳፍራለች። ሁለቱንም ናቅኋቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ሜትሮ ውስጥ ትከሻዬን አሸሸሁባት፤ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች።

በሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ጋሼ ማንደፍሮ እንደ ልማዱ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ ይበላል፣ አባቴ ከጎኑ፣ እትዬ የሻረግና እኔ ፊት ለፊት። እናቴ ወጥ ጨምራ ከወጥ ቤት ስትመለስ ጋሼ ማንደፍሮ ጥርሷ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። ይህ ጥርስ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ የማይነቀል ምን ዓይነት ጥርስ ነው ብሎ ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያናደደኝ። ከሁሉም የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ፣ እንደ ልጅ የሚያስቀምጡኝ ግን እኔን ነው።

«ጥርስ አይደለም» አልኩ። «የቻይናው ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው፤ እሱም ውሸታም ነው። መርፌ የለውም። እማዬ መሬት ተቀምጣ ደረቷን እየመታች ሙሌ ሙሌ ትላለች፣ እሱ ራዲዮ ይከፍታል።»

ጋሼ ማንደፍሮ ጉርሻውን ዋጠና አባቴን አየው። ሙሌ ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ወንድሟ ነው። ሞስኮ ነው ያለው» አለ አባቴ። ድምፁ ስለ ስንዴ የሚናገርበት ድምፅ ነበር። «እሷ ታማለች። መንፈሷ ታውኳል፤ ሐኪሙ አረጋግጦልናል። የምታደርገውን አታውቅም።»

«አዎ፣ ሞስኮ ነው» አልኩ እኔም፤ አባቴን የረዳሁ መስሎኝ።

ብዙ ዓይነት ፈሪ አይቻለሁ። ሚስቱን በሐዘኗ እብድ ናት ብሎ ለእንግዳ ያስረከበ ግን ከአባቴ ሌላ አላየሁም። ለዚህ ነው መንፈስ ታወከ፣ መንፈስ ተስተካከለ ሲሉኝ ጥርሴን የማፋጨው። ትምህርቱ እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም፤ ለፈሪ ሰው ግን እንዴት እንደሚመች በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ የያዘችውን ድስት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አልታወክሁም» አለች። «ወንድሜን ገድለው መንገድ ላይ ጥለውታል። እናቴን እንዳታለቅስ ከልክለዋታል። እኔንም አሰግድ ከልክሎኛል። እኔ ግን የማደርገውን አውቃለሁ።»

ከዚያ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰችና ሳሎናችን መሐል፣ ከጋሼ ማንደፍሮ እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሹሩባዋን በጣቷ ፈታችው። የወጣው ድምፅ ኤስኲሊኖ በራዲዮ ሥር ስሰማው የነበረው ድምፅ አልነበረም። ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ አሉ። እትዬ የሻረግ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች፣ መቀነቷን አጥብቃ ከጎኗ ተቀመጠች፣ እሷም ጀመረች። በኋላ እንደነገረችኝ ሙሌን በመልክ እንኳ አታውቀውም፤ ያላለቀሰችላቸው የራሷ ሁለት ሰዎች ነበሯት።

ጋሼ ማንደፍሮ አፉን በናፕኪን በጥንቃቄ ጠረገ፣ ናፕኪኑን አጠፈው፣ ኮቱን ለበሰ። «አሎራ፣ እንግዲህ ጓድ አሰግድ፣ እንነጋገራለን» አለ። አባቴ ሚስቱ ወለል ላይ እየጮኸች፣ ባርኔጣውን ይዞለት እስከ አሳንሰሩ ሸኘው።

እኔ ከወንበሬ መውረድ አልቻልኩም። ሞስኮ የምትባለው ከተማ፣ በረዶዋም፣ ሙሌ በወፍራም ካፖርት የሚሄድባት መንገድም፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ዓይኔ እያየ ጠፋች።

ሳምንት ሙሉ ልቅሶ ተቀመጥን። የመጡ ነበሩ፣ አብዛኞቹ ሠራተኛ ሴቶች፣ አሠሪ ሲኞራቸውን ፈቃድ እየጠየቁ። የአባቴ የሥራ ጓደኞች አልመጡም፤ አንዱ በር ድረስ መጥቶ ደወሉን ሳይደውል እንደተመለሰ እኔ ራሴ በመስኮት አይቻለሁ። ሐሙስ ስንቀር ሲኞር ኦታቪዮ እትዬ የሻረግን ጠይቆ መጣ። ካፖርቱን አልለበሰም፣ ጥቁር ከረባት አድርጓል። ሴቶቹ ወንበር ሲሰጡት እምቢ ብሎ መሬት ተቀመጠ፣ ከዚያ ጉልበቱ ታስሮ መነሣት አቃተው። ሁለት ሴቶች በብብቱ ገብተው አነሡት። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስለ መንፈስ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ፓስፖርታችን አልታደሰም። የአባቴ ውል ሲያልቅ መንግሥት ይመለስ አለ፣ አባቴ አልመለስም ብሎ ሶጆርኖ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ፍለጋ ኬስቱራ በሚባለው የፖሊስ መምሪያ ደጃፍ መሰለፍ ጀመረ። ጋርባቴላን ለቅቀን ቶር ፒኛታራ ሁለት ክፍል ቤት ገባን። እናቴ ከእትዬ የሻረግ ጋር ሥራ ጀመረች፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፣ ማታ ራሷ ትራሱን ሳይነካ ትተኛለች። አባቴ ስለ ስንዴም መናገር ተወ። በነገር ስንጋጭ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ያቺ ምላስሽ ናት ለዚህ ያበቃችን።» ይህን እያለ ደርግ ሊወድቅ ሦስት ወር ሲቀረው ሞተ። እኔም አመንኩት። በአባቴ ብዙ ነገር አላመንኩም፣ በዚህ ግን አመንኩት።

ነርስነት ስማር ሲኞር ኦታቪዮን የአረጋውያን ቤት ውስጥ አገኘሁት። የሄድኩት ልሰድበው ነበር። ትምህርት ቤት የተማርኩትን የነርቭ ሥርዓት በሙሉ ይዤ፣ ያለ መርፌ መርፌ መውጋት በየትኛው መጽሐፍ እንደተጻፈ ጠየቅሁት። አስታወሰኝ። በሁለተኛው ሐሙስ እጇን ይዞ ነጥቡን ሲፈልግ፣ እናቴ ወንድሜ ሞቷል፣ ማልቀስ ክልክል ነው እንዳለችው ነገረኝ። መርፌውን ወደ ሣጥኑ መለሰው።

«እናትሽ አልታመመችም ነበር» አለኝ። «ሐዘንተኛን አይወጉትም።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይቅር እለው ይሆናል። እሱ ግን ስለ አምስቱ መንፈሶች ግማሽ ሰዓት አስተማረኝ፣ የእኔም መንፈስ ከቤቱ እንደሌለ ከዓይኔ አንብቦ ነገረኝ። ቻዎ ብዬው ወጣሁ። ያለውን አላመንኩም፣ ዛሬም አላምንም።

እናቴ አሁን ሰማንያ ልትደፍን ነው። አምና አንድ ቀን ምሳ አብልቻት፣ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች፣ ለዓመታት የተሸከምኩትን አወጣሁት። ያን እሑድ አፌን ባልከፍት ኖሮ አባዬ ከሥራው አይወጣም ነበር፣ አንቺም የሰው ቤት ወለል አትወለውይም ነበር፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

እናቴ ግራ እንደተጋባ ሰው አየችኝ።

«ሐሙስ ሐሙስ ለምን ይዤሽ የምሄድ ይመስልሻል?» አለች። «ወንድሜ ሞቷል የምትለውን ጣሊያንኛ እኔም አላጣትም። እትዬ የሻረግ ፈራች፣ አባትሽ ፈራ፣ እኔም ፈራሁ። ከዚያ ቤት ያልፈራ ያንቺ አፍ ብቻ ነበር። በየእሑዱ ዛሬ ትናገር ይሆን እያልኩ ወጥ አቀርብ ነበር፣ እታገኘሁ። ሦስት ወር አስጠበቅሽኝ።»

ይህን ብላ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ጎንበስ ብዬ ሳያት ተኝታለች። በገዛ እናቴ መናደድ ይኑርብኝ አይኑርብኝ ሳላውቅ፣ ያልተቀበለችኝን ይቅርታ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።